«ላሟ ደህና ናት»

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ቋንቋ እጽፋለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ አንዲት ላም ነው። ላሟን የገዛኋት እኔ ነኝ፤ በዓይኔ ግን አይቻት አላውቅም። እንደተለመደው ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ ቆም ብዬ እፈታዋለሁ። ቃሉን የምታውቁት ከሆነ ዝለሉት።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የሚኖሩት መንዝ ነው። መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ደጋ አገር ነው። ደጋ ማለት ከፍ ያለና ብርዳማ ቦታ ነው። እዚያ በዋናነት የሚዘራው ገብስ ነው፤ እሱንም አንዳንድ ዓመት ውርጭ ያቃጥለዋል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ በእርሻው ብቻ አይኖርም፤ በበጉም ይኖራል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ጸጉሩ ረጅም ነው፣ ብርድ ይችላል። ከጸጉሩ ባና የሚባል ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምከርመው አጎቴ ቤት ነበር፤ የባና ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አጎቴ ያኔ ሁለት በሬ፣ አንዲት የአገር ላም፣ አንድ አህያና አሥራ አንድ በጎች ነበሯቸው። እንዲህ ያለውን ለክፉ ቀን የሚሆን ንብረት በአማርኛ «ጥሪት» እንለዋለን። ከተማ ያደገ ሰው ጥሪት ሲባል የባንክ ደብተር ይታየዋል። መንዝ ውስጥ ግን ጥሪት እግር አለው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ (በአውሮፓ አቆጣጠር 2017 መሆኑ ነው) ጀርመን አገር የማስተርስ ትምህርቴን ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ ነበር። ሦስተኛ ደመወዜን ስቀበል፣ ለአጎቴ አንድ ትልቅ ነገር ላድርግ አልኩ። ሶፍትዌር ሠሪ አይደለሁ? ኤክሴል ከፈትኩ። የአገር ላም በቀን አንድ ሊትር ተኩል ብትሰጥ ነው፤ ዲቃላ ላም ግን አሥር ሊትር ልትሰጥ ትችላለች። (ዲቃላ ማለት ከውጭ ዝርያና ከአገር ዝርያ የተወለደች ማለት ነው።) አሥር ሊትር በቀን፣ ሲባዛ በሠላሳ፣ ሲባዛ በአሥራ ሁለት፣ ሲባዛ በወተት ዋጋ። በሁለት ዓመት ሁለተኛ ላም ይገዛሉ፣ በአራት ዓመት ትንሽ የወተት እርባታ ይከፍታሉ። የኤክሴሉ መስመር ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው።

1,000 ዩሮ ላክሁ፤ በጊዜው ወደ 32 ሺህ ብር ነበር። ከዚያ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የላክሁት ገንዘብ ለዲቃላ ላም ነው። ለሌላ ነገር እንዳይውል፣ አደራ።»

አጎቴ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ እንዳልክ» አሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መፍታት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእነሱ ነውና። አንደኛው «አደራ» ነው። አደራ አንድ ሰው አምኖ የሰጠህ ነገር ነው። አደራ የበላ ሰው በአገሩ ፊት መቆም ያፍራል። እኔ ቃሉን የተናገርኩት እንዲሁ ለአፌ ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ግን እንደ መሐላ ነው። ሁለተኛው «ይሉኝታ» ነው። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል» እንደማለት። ሰው ሲሰጥህ «አልፈልግም፣ ሌላ ነገር ይሻለኛል» ማለትን የሚከለክለው ይሉኝታ ነው። በውጭ አገር ያደጉ ልጆች ይሉኝታን አንዳንዴ እንደ ውሸት ያዩታል። ውሸት አይደለም። ሰጪው እንዳይከፋው ተቀባዩ የሚሸከመው ሸክም ነው።

ላሟ ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ መኪና ተጭና መጣች። ከዚያ በኋላ በየወሩ ስደውል የምሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ላሟ ደህና ናት።»

ለገና በ2011 ዓ.ም. አገር ቤት ሄድኩ። መሐል ሜዳ ከተማ አድሬ፣ በማግስቱ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ አጎቴ ቤት ደረስኩ። እትዬ (የአጎቴ ባለቤት ናቸው) እልል አሉ። ልጆቹ ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። እኔ ግን ዓይኔ ግቢው ውስጥ ላም ይፈልጋል። ከቤቱ ጎን በአዲስ ሣር የተከደነ ትንሽ በረት ቆሟል። ገባ ብዬ አየሁት። ውስጡ ኩበት ተከምሮበታል። ኩበት ማለት የደረቀ የከብት እበት ነው፤ እንጨት በሌለበት ደጋ የሚነደው እሱ ነው።

በጎቹ ማታ ሲገቡ ቆጠርኳቸው። ስድስት ናቸው።

ቡና ተፈልቶ፣ አቦል ተጠጥቶ፣ ሁለተኛው እስኪደርስ ማንም ስለ ላሟ አላነሳም። በመጨረሻ እኔው አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ላሟስ?»

እትዬ ጀበናውን ማስተካከል ጀመሩ። አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው መሬት መሬቱን አዩ። «ልጄ፣ ላሟ ከተሸጠች ከነሐሴ ወዲህ ነው» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሩኝ፤ እኔም ኤክሴሌ ውስጥ ያልነበረውን ሁሉ ሰማሁ። ላሟ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ታለበች፣ በቀን እስከ ስምንት ሊትር። ግን ገለባ ብቻ አይበቃትም፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ትፈልጋለች። ፉርሽካ ስንዴ ሲፈጭ የሚቀረው ገለፈት ነው፤ ፋጉሎ ደግሞ ኑግ ወይም ተልባ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው። ሁለቱም የሚገዙት ከተማ ነው፤ በአህያ ተጭነው ይመጣሉ። ወተቱስ? ጎረቤት ሁሉ የራሱ ላም አለው፣ ወይም ወተት የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ከተማ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ደግሞ የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ማንም ወተት አይጠጣም፣ ማንም ወተት አይገዛም። ላሟ ግን አትጾምም፤ ትበላለች፣ ትታለባለች። ቅቤ አወጡ፤ ቅቤው ለፋሲካ ጥሩ ተሸጠ፤ የፉርሽካውን ዋጋ ግን አልሸፈነም።

እኔ ኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ። እናቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ታዲያ ያ ሁሉ ስሌት ሲሠራ ጾም የሚባል ነገር እንዴት አልታየኝም? ዛሬም አልገባኝም።

ወተቷ እየቀነሰ ሄደ። እንደገና እንድታረግዝ አዳቃይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያው አንድ ነው፣ ቀበሌው ብዙ ነው። ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ደረሰ። ክረምት ሲገባ የመኖ ዋጋ ወጣ። አጎቴ አንድ በግ ሸጠው ፉርሽካ ገዙ። ከዚያ ሌላ በግ። ከዚያ ሌላ። እንዲህ እያሉ አምስት በጎች ለላሟ ተበሉ። ነሐሴ ላይ አንድ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ወሰዳት፤ ገንዘቡም ለማዳበሪያ እዳና ለእህል አለቀ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«አደራ ብለኸኝ!» አሉ አጎቴ። «ምን ብዬ ልንገርህ? ያንተን አደራ ነጋዴ ወሰደው ልበልህ?»

ቡናው በረካ ደርሶ ነበር። ማንም ስኒውን አላነሳም።

በነጋታው ጠዋት በጎቹን እያገድን ሳለ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ያን ጊዜ ገንዘቡን ብቻ ብልክልዎት፣ ምንም ባልልዎት፣ ምን ያደርጉበት ነበር?»

አጎቴ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉ። ተቆጥተው አልነበረም፤ የምር ጥያቄ ነበር። ገበሬ ሠልጣኝ ሆኖ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል፣ ብዙ ሰው መጥቶ «ይህን አድርግ» ብሎታል፤ «ምን ታደርግ ነበር» ያለው ሰው ግን የለም። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ መጀመሪያ እዳ፣ ቀጥሎ እህል፣ ቀጥሎ ሴት በግ።

እህል ከሴት በግ ፊት ለምን ቀደመ? በእኔ አስተሳሰብ እህል ተበልቶ ያልቃል፤ በግ ግን ይወልዳል። የገበሬው ሒሳብ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው፤ እሱን ለመረዳት የዓመቱን ዑደት ማወቅ ያስፈልጋል።

ክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ወቅት ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። በዚህ ወቅት ቤተሰቡ ለመብላት በግ ይሸጣል። ችግሩ፣ ሁሉም ሰው የሚሸጠው በዚያው ሳምንት መሆኑ ነው። ስለዚህ የበግ ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። ነሐሴ ላይ በርካሽ የሄደችው በግ ለአዲስ ዓመት፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ብትደርስ እጅግ የተሻለ ታወጣ ነበር። ደግሞም በግ አምስት ወር ታረግዛለች፤ የተሸጠችው ሴት ከሆነች በሆዷ ያለው ግልገልም አብሮ ተሸጠ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ገብስ በሰኔ ማለት የሚበላ ነገር ብቻ አይደለም፤ ነሐሴ ላይ ያልተሸጠች በግ ማለት ነው። አጎቴ ይህን ኤክሴል ሳይከፍቱ ያውቁታል።

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ 15 ሺህ ብር ላክሁ። በዚህ ጊዜ ስደውል «ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ እንደሚመችዎ» ብቻ አልኩ። አፌ ላይ የመጣውን ሌላ ቃል ሁሉ ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ቀላል አልነበረም።

መስከረም ላይ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ስደውል፣ አጎቴ ሳልጠይቃቸው ልጃቸውን ደብተር አስመጥተው አስነበቡኝ። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ድምጿን እንደ ዜና አንባቢ አሳምራ አነበበችው፦ የማዳበሪያ እዳ 3,200 ብር። ገብስና ባቄላ 4,100። ሁለት ሴት በግ 4,000። የጉበት ትል መድኃኒትና ጨው 1,200። ደብተርና ጫማ 900። ለማኅበር ድግስ 1,000። ቀሪው 600 ብር «እማዬ መቀነት ጫፍ ላይ ነው» አለች። መቀነት ሴቶች ወገባቸውን የሚታጠቁበት ረጅም ጨርቅ ነው፤ ጫፉ ላይ ብር ይቋጠርበታል። አገሩ ውስጥ ያለ ትንሹ ባንክ እሱ ነው።

«ማኅበር» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቴ እንደተቋጠረ አልክድም። አንድ ሺህ ብር ለጠላና ለድግስ? እዚህ ፍራንክፈርት ሰዓት ቆጥሬ የሠራሁትን ገንዘብ? ምንም ሳልል ዝም አልኩ፤ ግን አጎቴ ዝምታዬን ሰሙት። «ሁለት ጊዜ ተራዬ ደርሶ አልደገስኩም» አሉ። «ሦስተኛ ብቀር በሬዬ ሲታመም ማን በሬ ያውሰኛል?» እኔ እዚህ አገር በየወሩ ለኢንሹራንስ የምከፍለውን አስቤ አፈርኩ።

ከሁለቱ በጎች የአንዷን ታሪክ ግን በኋላ ነው የሰማሁት፤ እሱም ከእትዬ።

ከአጎቴ ቤት ቁልቁል አንዲት አሮጊት መበለት ይኖራሉ። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል። ሁለት ሴት በጎች አሏቸው፤ መሬታቸውን ሌላ ሰው እኩል ያርስላቸዋል። እኚህ ሴት በሴፍቲኔት የታቀፉ ናቸው። «ልማታዊ ሴፍቲኔት» መንግሥትና ለጋሾች በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የጀመሩት ፕሮግራም ነው፤ ሲሰፋ ወደ 8 ሚሊዮን ሰው ደርሷል። መሥራት የሚችሉት እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠገኑ፣ ችግኝ እየተከሉ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላሉ። አቅም የሌላቸው አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ሥራ ሳይጠየቁ ይቀበላሉ፤ እሱ «ቀጥታ ድጋፍ» ይባላል።

በዚያ ክረምት የመበለቷ ክፍያ ዘገየ። አንድ ወር፣ ከዚያ ሌላ ወር። ሐምሌ ላይ አንዷን በግ እየጎተቱ ወጡ። ነጋዴው 1,300 ብር አላቸው። አጎቴ መንገድ ላይ አገኟቸውና 1,900 ሰጧቸው። ከዚያ በጓን ወደ ቤታቸው አልነዱም። «እዚያው እርስዎ ዘንድ ትርባ» አሏቸው።

ይህ «ርቢ» የሚባለው ነው። አንዱ ከብቱን ይሰጣል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ ያበላል፤ የሚወለደውን እኩል ይካፈላሉ። መበለቷ እህል የሚገዙበት ገንዘብ አገኙ፤ በጓም ከግቢያቸው አልወጣችም፤ ከግልገሎቿም ግማሹ የእሳቸው ነው። አጎቴም ሴት በግ አገኙ፣ የምትጠበቅበት ሣርና ጉልበት ሳይቸግራቸው። ይህንን ውል በምንም ሶፍትዌር አስቤ አላወጣውም ነበር። ከጀርመን የተላከ ገንዘብ፣ የዘገየ የመንግሥት ክፍያ የከፈተውን ቀዳዳ ደፈነ፤ እኔ ግን አላወቅሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መበለቷን በጓን እንድትሸጥ ያደረጋት የድጋፉ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ መዘግየቱ ነው። የክረምቱ ገንዘብ ጥቅምት ላይ ቢመጣ፣ መጠኑ ያው ነው፣ ጥቅሙ ግን ያው አይደለም። እኔ የክፍያ ሥርዓት ላይ ነው የምሠራው፤ በእኛ መሥሪያ ቤት አንድ ክፍያ ለግማሽ ሰዓት ሲዘገይ ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል።

ከዚያ በኋላ የምሽት ጊዜዬን ጥናቶች ሳነብ አሳለፍኩ፤ የሰው ልማድ አይለቅም። ከሁሉ በፊት የፈለግሁት የሴፍቲኔትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ አምስት ዓመት በሥራው የታቀፉ ቤተሰቦችን አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር አነጻጽሯል። አምስት ዓመት የቆዩት የረሃብ ወቅታቸው በዓመት በ1.29 ወር አጥሯል፤ የከብት ሀብታቸውም በ0.38 መለኪያ ጨምሯል። መለኪያው ምንድን ነው? ባለሙያዎች ግመልንም ፍየልንም በአንድ ላይ ለመቁጠር 250 ኪሎ የሚመዝን ከብትን አንድ ይሉታል፤ በግ በዚህ ሒሳብ 0.1 ነው። ስለዚህ 0.38 ማለት አራት በግ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። ከተማ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይህ ኢምንት ነው። ስድስት በግ ላለው ሰው ግን ብዙ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ ገንዘቡ በግ ግዙበት ተብሎ አልተሰጠም። በጎቹ የበዙበት አንዱ መንገድ አጎቴ የነገሩኝ ይመስለኛል፤ ባለመሸጥ።

ከኬንያም አንድ አነበብኩ። ጊቭዳይሬክትሊ የሚባል ድርጅት በምዕራብ ኬንያ ለድሃ ቤተሰቦች በኤም-ፔሳ፣ ማለትም በስልክ፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ላከ። ሃውስሆፈርና ሻፒሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። ሰዎቹ ብዙ የገዙት ከብትና ለቤታቸው ቆርቆሮ ነበር። ለመጠጥና ለትምባሆ የወጣው ገንዘብ አልጨመረም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። ገንዘቡን በየወሩ የተቀበሉት በምግብ በኩል ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ፤ በአንድ ጊዜ የተቀበሉት ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ያለ የሚቆይ ነገር ይበልጥ ገዙ። በየወሩ በሚመጣ ትንሽ ብር ሴት በግ መግዛት አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ በመጣ ገንዘብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መብላት ይከብዳል። ገበሬ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ላም መስጠት ሁሌም ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት አገሮችን ያጠና ትልቅ ሥራ አለ፤ ከጻፉት መካከል ሁለቱ፣ ባነርጂና ዱፍሎ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እዚያ ለድሆች ቤተሰቦች ከብት ወይም ሌላ ንብረት ተሰጣቸው፤ ውጤቱም በጥቅሉ ጥሩ ነበር። ግን ከብቱ ብቻውን አልመጣም። ለተወሰነ ጊዜ የምግብ ድጎማ ነበር፣ ሥልጠና ነበር፣ እየመጣ የሚጠይቅ ባለሙያ ነበር፤ ንብረቱንም ተቀባዮቹ ከቀረቡላቸው ዓይነቶች መርጠውታል። የእኔ ላም ግን የመጣችው ከአንድ የስልክ ጥሪና ከአንድ «አደራ» ጋር ነው።

ጥሬ ገንዘብም ቢሆን የሚሰነፍበት ጊዜ አለ። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) የእህል ዋጋ በጣም ሲንር፣ ብዙ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች «ብሩ ይቅርብን፣ እህል ስጡን» ብለው ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ብሩ ያው ነው፣ የሚገዛው እህል ግን አነሰ። ገበያ ከሌለ ደግሞ ብር ወረቀት ነው። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚያ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ገበያ ሳይቆም የዋለበት ሳምንት ብዙ ነበር። የላክሁት ገንዘብ መድረሱን ሳላውቅ ወር ያለፈበት ጊዜ አለ። በኋላ ስልኩ ሲከፈት አጎቴ «ብሩ ባንክ ነበር፣ ባንኩ ዝግ ነበር፤ ያበላን የርቢዋ በግ ናት» አሉኝ። እንግዲህ ያቺን በግ ያስገዛው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ በማይሠራበት ቀን የደረሰችው ግን በጓ ናት። ይህን የትኛው የኤክሴል ሣጥን ውስጥ እንደምጽፈው አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ ሲልኩ ያያችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ አሁን ራሳችሁ መላክ ጀምራችኋል። እናቴ እስከ ዛሬ ጫማና ሹራብ በሻንጣ ትልካለች፤ ስለዚህ ጉዳይ በየዓመቱ እንከራከራለን። «ገንዘቡን ላኪላቸው፣ ጫማ መሐል ሜዳም አለ» እላታለሁ። እሷም «ገንዘብ የእጅ ጠረን የለውም» ትለኛለች። እኔ ልክ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ግን ባለፈው ዓመት እትዬ የእናቴን ሹራብ ለብሰው የተነሱትን ፎቶግራፍ ሳይ ክርክሩን ለጊዜው አቆምኩት።

ባለፈው እሑድ ደወልኩ። መስመሩ ጥሩ ነበር፤ ከበስተኋላ በግ ሲጮህ ይሰማል። አጎቴ በጎቹ አሥራ አራት መድረሳቸውን፣ የመበለቷም ሦስት መሆናቸውን ነገሩኝ። ዘንድሮ ክፍያቸው በጊዜው ደርሷል።

«የአገሯስ ላም?» አልኩ።

«ላሟ ደህና ናት» አሉ አጎቴ።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ስልኩን እትዬ ተቀበሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውሸታቸውን ነው፣ አርጅታለች፤ ወተት ከሰጠች ዓመቷ ነው» አሉኝ። «ኩበቷ ግን ጥሩ ነው።»